የኢናስ ሰሃን

ሐጃ ፊክሪያ ትልቁን የዳክዬ ጭን አንስተው ኢናስ ሰሃን ላይ ሲያስቀምጡ፣ ልጃቸው ሄልሚ ዐይኑን ከእጮኛው ፊት ላይ አልነቀለም። አፉ ዝም ብሏል፤ ዐይኑ ግን ይለምናል። እባክሽ፣ ዛሬን እንኳ።

ኢናስ ልመናውን አይታለች። አይታም እንዳላየች ሆነች።

«አላህ እጅዎን ይባርከው ሐጃ፣ በቃኝ» አለች።

«ምኑን በልተሽ ነው የሚበቃሽ? ሰላጣውን? ሰላጣ የጥንቸል ነው ልጄ። ይሄን ዳክዬ እዚህ ሰገነት ላይ በገዛ እጄ እያጎረስኩ ነው ያሳደግኩት። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ሐሙስ ኒካህሽ ነው። ሙሽራዋ አጥንቷ ሲቆጠር ሰው ምን ይላል? ፊክሪያ ቤት የሚበላ የለም ይላል።»

«ተያት እማዬ» አለች የሄልሚ እህት ሱሄር፣ ጣቷን እየላሰች። «የዳኛ ልጅ እኮ ናት። እኛ በእጃችን እንበላለን፣ እሷ በዐይኗ።»

ሳቁ ገበታውን ዞረ። ኢናስም አብራ ሳቀች፤ ከጠረጴዛው በታች ግን እጇ ጉልበቷን ጨብጦ ይዟል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጁምዓው እዚህ ገበታ ላይ ስትቀመጥ እንዲህ ነው የምትቀመጠው። ግብፅ፣ ዱምያጥ ከተማ ውስጥ ባንክ ቤት ስትቀጠር፣ የእንጨት ጠራቢዎች ሰፈር መኖሩንም አታውቅም ነበር። ጡረታ የወጡት ዳኛ አባቷ ከመንሱራ ሆነው «ልጄን ለአናጺ ልስጥ?» ብለው ሲያንገራግሩ፣ ለምናና አልቅሳ እሺ ያሰኘቻቸው እሷው ናት። ለሄልሚ ስትል ሁሉንም ተቋቁማለች። የእናቱን ጭልፋ ግን መቋቋም አቃታት።

ቤተሰቡ ሻይ ሊያፈላና እጅ ሊታጠብ ሲነሳ፣ ገበታው ላይ ለአንድ አፍታ ብቻዋን ቀረች። ሰሃን ሙሉ ምግብ ትታ ብትነሳ ሐጃ ይቀየማሉ። ብትበላው ደግሞ የሚመጣውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሶፍት መዘዘች፤ ጭኑን ጠቀለለችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እንደ ሌባ ዞር ብላ አየችና ዚፑን ዘጋችው።

ሻይ ተጠጥቶ ልትሄድ ስትነሳ፣ ሱሄር ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አነሳችላት። ከዚያ እጇን ገልብጣ አየችው፤ ያብረቀርቃል።

«ቦርሳሽ ቅቤ ያለቅሳል እንዴ?» አለችና፣ መልስ ሳትጠብቅ ከፈተችው።

ሶፍቱ ቀድሞ ተቀዷል። የዳክዬው ጭን ከመኪና ቁልፍና ከከንፈር ቀለም መሃል ወጥቶ ገበታው ላይ ዐረፈ። ሱሄር ራሷ ያደረገችው ነገር አስደንግጧት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች።

ሐጃ ፊክሪያ ጭኑን አዩት። ከዚያ ኢናስን አዩ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ብትጠይቂኝ በሰሃን እሰጥሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለመንገድ ድመት ቢሆንም እንኳ እሰጥሽ ነበር። መስረቅ አያስፈልግሽም።»

«ሐጃ፣ እንደሱ አይደለም፣ እኔ…»

አሮጊቷ ፊታቸውን አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከጓዳው የውሃ ድምፅ እንጂ የሰው ድምፅ አልተሰማም። ኢናስ በዚያች ደቂቃ በዕድሜዋ ከተሰደበችው ስድብ ሁሉ የዚያ የውሃ ድምፅ ከበዳት።

ደረጃው ላይ ሄልሚ ደረሰባት። ምድር ቤቱ የእሱ የወንበር መሥሪያ ክፍል ነው፤ የቀለምና የዝግባ ሽታ ወደ ላይ ይወጣል።

«ቁሚ» አላት። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ምግባችን ነው ወይስ እኛ ነን የተናነቅንሽ?»

«ሄልሚ፣ በአላህ፣ እንዲህ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል? አባትሽ ፊት ቀርቤ ‹የአንተ እጅ መቼም ከሙጫ አይጸዳም› ሲለኝ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ‹እሷ እንደሱ አይደለችም› ብዬ። ጓደኞቼ ‹የዳኛ ልጅ አንተ ቤት አትከርምም› ሲሉኝ ሳቅኩባቸው። ዛሬ እናቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ምን ብዬ ላባብላት? ንገሪኝና ሄጄ ልበላት።»

«ንቄያችሁ አይደለም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ምን ሆነሽ እንደሆነ ነው የጠየቅኩሽ።»

ፊቱን አየችው። ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ የማይጠፋው ስስ የእንጨት ብናኝ አለ፤ ሌላ ቀን ቢሆን በጣቷ ትጠርግለት ነበር። እውነቱ ከከንፈሯ ኋላ ቆሞ ነበር። ብትናገረው ግን ይሄ ሰው እስካሁን ሲያያት የኖረበት ዐይን ዳግመኛ እንደዚያ ላያያት ነው። አንድ ጊዜ አይታዋለች፤ የሰው ዐይን እንዴት እንደሚለወጥ ታውቃለች።

«አልችልም» አለችው።

ሄልሚ የደረጃውን መደገፊያ ለቀቀ። «እንግዲያው ሐሙስም አይቻልም» አለ። «ከሐሙስ በፊት እውነቱን ካልሰማሁ ሼኹን አልጠራም። ለሚስቴ እንግዳ ሆኜ መኖር አልፈልግም።»

ወደ ላይ ወጣ። እሷ ወደ ታች ወረደች። በዚያ ደረጃ ላይ የመጀመሪያ ቀን እጇን ሲይዛት የተሰማት ሙቀት ትዝ አላት፤ አሁን ያ እጇ ባዶውን ቀዝቅዟል።

ኢናስ የተከራየችው ቤት ከዓባይ ዳር ነው። እዚያ ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ የላከችው የኒካህ ቀሚስ በር ላይ ተሰቅሎ ጠበቃት። ለበሰችው። ዚፑ ወገቧን አለፈና ከጎድኗ ላይ ቆመ። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሳበችው። አልሄደም።

የፈራችው መጥቷል።

ማንም ዱምያጥ ውስጥ የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፤ ኢናስ በአንድ ወቅት በጣም ወፍራም ነበረች። እንደ ሱሄር ዓይነት ደልደል ያለች አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው የመማሪያ ወንበር ስለማይበቃት ኋላ ላይ ቆማ የምትማር፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ የሚከዳት። መንሱራ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ሊያጫት ሲል በረሃብ ራሷን ቀጣች። ቀጠነች፣ ታጨች። ከዚያ የእጮኝነት ግብዣ ተከተለ፤ የአክስት ቤት፣ የአጎት ቤት፣ «ለኔ ስትይ አንድ ጉርሻ»። የጣለችው ኪሎ ሁሉ ጓደኛ ይዞ ተመለሰ። መሐንዲሱ አንድ ቀን ሳሎናቸው ውስጥ ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ያጨኋት አንቺን አይደለም፤ አታለልሽኝ» ብሏት ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሟ ስኳር በሽታ ደጃፏ ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሲነግራት፣ ለወንድ ብላ ሳይሆን ለራሷ ብላ ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ አልተራበችም። ጠዋት ፉል በሎሚ፣ ከዳቦው ግማሹን። ምሳ ላይ መጀመሪያ አትክልት፣ ከዚያ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ ከሩዝ ጥቂት። ሻይ ያለ ስኳር። ጣፋጭ ሲያምራት ትበላለች፤ ግን የምትበላበትን ቀን ራሷ ትመርጣለች። በቀስታ ወረደች፤ ወርዳም ቆየች። ሰው የሚያጨበጭበው ስትቀንስ ነው። ሳትጨምር ለምትኖርበት ለእያንዳንዱ ተራ ቀን የሚያጨበጭብ የለም። የሚያልቅበት ቀን የሌለው ሥራ ነው። ፎቶዎቿን ደብቃ ማንም ወደማያውቃት ከተማ መጣች፤ እዚያ ሄልሚን አገኘችው።

ከታጨች ወዲህ ግን ሚዛኑ ቀስ እያለ መውጣት ጀምሯል። የጁምዓው ምሳ፣ የዘመድ ጥየቃ፣ የደስታ ሳጥን ጣፋጭ። እየወጣ ሲሄድ እሷም ምግቧን ይበልጥ እየመጠነች ሄደች፣ እየፈራችም። ሶፍቱን የመዘዘው ያ ፍርሃት ነው።

ቀሚሱን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የባንክ ባልደረቦቿ የሰጧት የሙሸበክ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዱምያጥ የሚታወቅበት፣ እንደ መረብ ተጠላልፎ ተጠብሶ በስኳር ውሃ የተነከረው ጣፋጭ። አንዱን አነሳች። ከዚያ ሌላውን። ማልቀሷንና ማኘኳን መለየት እስኪያቅታት ድረስ በላች። ሳጥኑ ሲያልቅ የቀሚሱ ደረት ላይ የስኳር ውሃው ጠብታ ደርቆ ነበር።

ድሮ ቢሆን ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታውቀዋለች። «ከተበላሸ አይቀር» ትልና ሳምንቱን ሙሉ ትበላለች፤ ወይ ደግሞ ለቅጣት ትራባለች፤ ከረሃቡ በኋላ እጥፉን ትበላለች። በእነዚህ ዓመታት የተማረችው ትልቁ ነገር አለመውደቅን አልነበረም፤ ከወደቁ በኋላ የሚቀጥለውን ምግብ እንደማንኛውም ምግብ መብላትን ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ተነሳች፤ ዕንቁላል ቀቀለች፤ ኪያር ከተፈች፤ ግማሽ ዳቦዋን ይዛ መስኮት ጋ ተቀመጠች። አልጣፈጣትም፤ ግን በላችው።

እያኘከችም አሰበች። ከሳጥን ሙሉ ጣፋጭ መመለሱን ተክናበታለች። ከውሸት መመለስን ግን አንድም ቀን ሞክራው አታውቅም። ሄልሚ ሚስቱ ቢያደርጋት በየገበታው፣ በየበዓሉ፣ በየእርግዝናው እንዲህ ሶፍት ስትመዝ ልትኖር ነው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር «አልችልም» አለ፤ ደረጃው ላይ ያለችውን ያን ቃል፤ ያኔ መናገሩን ነበር፣ አሁን ግን መደበቁን።

እሑድ እዚያ አገር የሥራ ቀን ነውና፣ ከሥራ ወጥታ ቀጥታ ወደ ሐጃ ፊክሪያ ቤት ሄደች። ሰገነት ላይ ናቸው አሏት። ወጣች። ሐጃ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷን ዳክዬ ጉልበታቸው መሃል ይዘው የተነከረ በቆሎ ያጎርሷታል። ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«ሄልሚ ታች ነው» አሉ።

«የመጣሁት እርስዎ ጋ ነው።»

«እኔ ጋ ምን አለሽ? እኔ ጋ ያለው ዳክዬ ነው።»

ኢናስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከዚያ በባንክ ቤት ልብሷ፣ ላባና ጥሬ በተበተነበት ወለል ላይ ቁጢጥ አለችና ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየቻቸው። ሐጃ ዐይናቸውን አጥብበው አዩ።

«ይቺ ማናት? እናትሽ ናት?»

«እኔ ነኝ ሐጃ።»

የበቆሎው ጥሬ ከጣታቸው ወደቀ። ዳክዬዋ አምልጣ ወደ ጥላው ሮጠች። ኢናስ ነገረቻቸው፤ ሳታሳምር፣ መሐንዲሱን፣ ጉልበቷን፣ ስኳሩን፣ ቀሚሱን፣ የበላችውን ሳጥን ጭምር። ሐጃ ፊክሪያ አላቋረጡም። ስትጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ሐኪሙ መድኃኒት አልሰጠሽም?»

«መድኃኒቱ አበላሌ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከምኖር ድረስ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከበቆሎው አራገፉ። «አባታቸው የሞተ ክረምት» አሉ ኋላ ላይ፣ ሰማዩን እያዩ፣ «ለነዚህ ልጆች ዳቦ በሻይ እየነከርኩ ነበር የማጎርሳቸው። ሄልሚ ጠገብኩ ይለኝ ነበር፤ ለእህቱ እንዲተርፍ። ውሸቱን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ‹በቃኝ› ሲለኝ አላምንም ልጄ። የሄልሚ ድምፅ ነው የሚሰማኝ።»

ኢናስ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው እጅ ጨካኝ እጅ ሳይሆን የተራበ ልጅ የሚያይ እጅ እንደነበር ያኔ ገባት፤ ሐፍረቷም ኀዘኗም አንድ ላይ መጣ።

ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ሄልሚ በሰገነቱ በር ላይ ቆሟል፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ብናኝ ለብሷል። ምን ያህሉን እንደሰማ ከፊቱ ማወቅ አልቻለችም። ተነሳች። ስልኩን ዘረጋችለት።

ተቀበላት። አየው። ያየበት ጊዜ ረዘመባት። እሷ ፎቶውን አይደለም የምታየው፤ የእሱን ዐይን ነው። መሐንዲሱ ዐይን ውስጥ ያየችውን ያን ትንሽ መኮማተር እየጠበቀች ነበር።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አላት።

«አይቶ የሄደ ሰው ስላለ።»

«እኔን እዚያ ሰውዬ አጠገብ አስቀመጥሽኝ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ። እጄን ይዘሽ ስትስቂ እንኳ።» ድምፁ ሻከረ። «ቤታችንን የናቅሽ መስሎኝ ነበር። የናቅሽው ግን እኔን ነው።»

«ፈርቼ ነው እንጂ…»

«አውቃለሁ። እኔን ነው የፈራሽው። ያ አይከብድም?»

ስልኩን መለሰላትና ወደ ሰገነቱ ጫፍ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ኢናስ አሁን ካልጠየቀች መቼም እንደማትጠይቅ አወቀች።

«ብትመለስስ?» አለች ለጀርባው። «ፎቶው ላይ ያለችው። እኔ በየቀኑ እታገላለሁ፤ ግን ማንም ዋስ ሊሆነኝ አይችልም። ልጅ ስወልድ፣ ስታመም፣ ሳረጅ ብትመለስስ ሄልሚ?»

ሄልሚ ዞረ።

«ምንም አይመስለኝም ልልሽ ነበር» አለ። «ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዛሬው ቀን ለውሸት አይሆንም። ያን ቀን ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም። የማውቀውን ልንገርሽ? ስትወጪም ስትወርጂም ማየት እችላለሁ። ስትታገዪ አጠገብሽ መቆም እችላለሁ፤ የምትበዪውን እበላለሁ፣ ፉሉንም ኪያሩንም። የማልችለው አጠገቤ ተቀምጠሽ ብቻሽን መፍራትሽን ነው። እሱን ሁለት ዓመት አደረግሽው። ሦስተኛ ዓመት አልችልም።»

«የመሐላ መልስ ነበር የጠበቅኩት» አለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ።

«መሐላ ያኛውም ሰውዬ ሳይሰጥሽ አልቀረም።»

ሰጥቷት ነበር፤ ስንትና ስንት። እንዲህ ያለ «አላውቅም» ግን ማንም ሰጥቷት አያውቅም። እንግዳ ነገር ነው፤ ከመሐላው ሁሉ ይልቅ ያ «አላውቅም» እግሯን መሬት አስያዘላት።

«ጨረሳችሁ?» አሉ ሐጃ ፊክሪያ፣ በሻሻቸው ጫፍ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «ሐሙስ አለ ወይስ የለም? ላርድ ነው ላላርድ?»

«ቀሚሱ አይዘጋም ሐጃ» አለች ኢናስ። «እስከ ሐሙስ ከተራብኩ ይዘጋል። ግን አልራብም። ያን መንገድ አውቀዋለሁ።»

«ማን ተራቢ አለሽ? ጨርቅ እኮ ነው፣ ይሰፋል። ሱሄር መርፌ ታውቃለች፤ ጣቷ እስኪደክም ትስፋው፣ ለቦርሳው ካሳ ይሆናታል።» በርጩማቸውን ገፍተው ተነሱ። «ኑ ውረዱ። ዓሣ ጠብሼ የሙሉኺያ ቅጠል ወጥ ሠርቻለሁ።»

ምድጃው አጠገብ ሲደርሱ ሐጃ ጭልፋውን አነሱ፤ እንደ ልማዳቸው ወደ ኢናስ ሰሃን ዘረጉት፤ ከዚያ መሃል ላይ ቆሙ። ጭልፋውን አገላብጠው በእጀታው በኩል ሰጧት።

«አንቺው አውጪ» አሉ። እንደ ተራ ነገር ሊናገሩት ሞክረው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልታዘዛቸውም። በዚያ ቤት ጭልፋውን ከሳቸው በቀር የያዘ ሰው አልነበረም።

ኢናስ አወጣች። ከአረንጓዴው ሙሉኺያ የፈለገችውን ያህል፣ አንድ ዓሣ፣ ከሩዙ ጥቂት። ሐጃ ፊክሪያ ሰሃኑን እያዩ ቀኝ እጃቸው ራሱን ችሎ ወደ ሩዙ መንገድ ጀመረ። ያዙት። ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገቡና ተቀመጡበት።

ሄልሚ አየና ሳቁ አመለጠው። ከጁምዓ ወዲህ የሳቀው ገና አሁን ነው።

«ምን ያስቅሃል? ብላ» አሉት እናቱ። ከዚያ በጎን ወደ ኢናስ፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ «ጨው አነሰው እንዴ ልጄ?»

ኢናስ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። በዚህ ገበታ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ ስትመጥን እንጂ ስትቀምስ አልኖረችም ነበር። አሁን ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድምብላሉ፣ የዓሣው ጭስ አንድ በአንድ ምላሷ ላይ ደረሱ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ነገም ከነገ ወዲያም ከሷ ጋር ገበታ እንደሚቀርብ ታውቃለች። ግን ዛሬ ገበታው ላይ ያሉት ሁሉ ስሙን ያውቁታል።

«አላነሰውም» አለች። «ልክ ነው።»